ርካሹ ጠመንጃ የት ገባ?

ደብዳቤው፦ «ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው የምኖረው። የ13 ዓመቱ ልጄ በቀደም ከጓደኛው ቤተሰብ ጋር ገጠር ሄዶ 22 የሚባለውን ትንሽ ጥይት በሚተኩስ ጠመንጃ ጣሳ ሲመታ ውሎ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። እኔም ጎጃም ነው ያደግኩት፣ አባቴ ምንሽር ነበረው፣ እና እውነቱን ለመናገር ነገሩ እኔንም ደስ ብሎኛል። የሥራ ባልደረባዬ ‹ለጀማሪ 22 ነው የሚገዛው፣ ከ150 ዶላር አይበልጥም› ብሎኝ ሱቅ ብሄድ 349 ተለጥፎበታል። ታክሱ ሲጨመርበት 400 ሊደርስ ነው። ሻጩ ደግሞ ‹ሕግ እየመጣ ነው፣ ዛሬ ካልወሰድክ ይብስበታል› ይለኛል። ልግዛ ወይስ ዋጋው እስኪወርድ ልጠብቅ? የአክስቴ ልጅ ‹ስትገዛ ሁለት አድርገው፣ የአንዱን እኔ እከፍልሃለሁ› ብሎኛል። ባለቤቴ ግን ገና ወሬውን ስትሰማ ፊቷን አጥቁራለች።» — የኦሮራው አባት

ወንድሜ፣

ባልደረባህ አልዋሸህም። ብቻ የሚያወራው የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት ዋጋ ነው። ያኔ ማርሊን 60 የሚባለው 22 ጠመንጃ ትልልቆቹ ሱቆች ውስጥ፣ ከዓሣ ማጥመጃው ጎን ተደርድሮ ከ200 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ሰው የመኪና ዘይት ሊገዛ ገብቶ ጠመንጃ አዝዞ ይወጣል ብል ብዙም አላጋነንኩም። አንተን ያስደነገጠህ ነገር ግማሹ ይሄ ነው። የታችኛው መደርደሪያ ጠፍቷል።

እንዴት ጠፋ? ማርሊን 60 ከ1960 ጀምሮ ሲመረት የኖረ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። ከ11 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የማርሊን ባለቤት ሬሚንግተን የሚባለው ጠመንጃ አምራች ነበር። ሬሚንግተን በ2018 ከሰረ፣ በ2020 ደገመውና ተበጣጥሶ ተሸጠ። ማርሊን ሩገር ለሚባለው ሌላ ጠመንጃ አምራች ደረሰው። ሩገር ግን በማርሊን ስም መልሶ ማምረት የጀመረው ውድ ውድ የሆኑትን ሊቨር ያላቸውን (በእጅ ማንሻ የሚያጎርሱትን) ጠመንጃዎች ነው። ምስኪኑ 60 አልተመለሰም። ሩገርስ ለምን ይመልሰዋል? የራሱ 10/22 የሚባል 22 ጠመንጃ አለው። ያ ሱቅ ያየኸው 349 የተለጠፈበት እሱ ይመስለኛል።

በዚያ ላይ የኮሮናው ዓመት ነበር። በ2020 በአሜሪካ ለጠመንጃ የተጠየቀው ባክግራውንድ ቼክ (የገዢው ማንነት ምርመራ) ከ39 ሚሊዮን አለፈ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በእጁ ጠመንጃ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሱቅ ተሰለፈ። ርካሹ ቀድሞ አለቀ። ፋብሪካዎቹም ሰው ከፍ ባለ ዋጋ እንደሚገዛ አዩ። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለስ ነጋዴ እኔ አላውቅም።

የቀረው የዶላሩ ጉዳይ ነው። በ2012 170 ዶላር የነበረ ዕቃ በዋጋ ንረት ብቻ ዛሬ 240 ገደማ ይሆናል፤ እንቁላልም ኪራይም እንደዚያው ሆኗል። እንዲያውም አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ። 10/22 በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ዋጋው 54 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ያ ገንዘብ በዛሬው ዶላር ቢመነዘር ከ550 ያልፋል። ስለዚህ ያ 349 የሚያስደነግጠን ከአያቶቻችን ዘመን ጋር ስናወዳድረው አይደለም፤ እጅግ ርካሽ ከነበሩት ከእነዚያ ጥቂት ዓመታት ጋር ስናወዳድረው ነው።

ታክሱንም ልንገርህ፣ ሒሳቡ ሲመጣ እንዳትደነግጥ። ከፋብሪካ ሲወጣ 11 በመቶ የፌዴራል ኤክሳይዝ አለበት። ይሄ ለዱር አራዊት ጥበቃ የሚውል የቆየ ታክስ ነው፣ ዋጋው ውስጥ ተቀብሮ ስለሚመጣ አታየውም። ኮሎራዶ ደግሞ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በጠመንጃም በጥይትም ላይ 6.5 በመቶ ጨምራለች። ሕጉ ሻጩን ነው ክፈል የሚለው፣ ሻጩ ግን ደረሰኝህ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ የተለመደው የሽያጭ ታክስ ይከተላል። የአንተ 349 ወደ 400 የተጠጋው በዚህ ነው።

እንግዲህ ልጠብቅ ወይ ላልከው፦ አዲሱ ዋጋ እስኪወርድ አትጠብቅ፣ አይወርድም። ግን አትቸኩል። ሻጩ «ሕግ እየመጣ ነው» ያለህ እውነትም ውሸትም አለበት። ኮሎራዶ በ2025 ያወጣችው ሕግ ከነሐሴ 2026 ጀምሮ ካዝናቸው የሚነቀል (እዚህ ካዝና የምልህ የጥይቱን ነው) ራሳቸው የሚያጎርሱ ብዙ ጠመንጃዎችን ለመግዛት ሥልጠናና ፈቃድ ይጠይቃል። ያው ሕግ ግን የ22 ሪምፋየርን (አንተ የምትፈልገው ዓይነት ትንሽ ጥይት የሚተኩሰውን) ነጻ አድርጎታል። ይሄ ነጻነት የማይመለከተው የጦር መሣሪያ ቅርጽ ይዘው የሚመጡትን፣ አካላቸው ላይና ታች ሆኖ ለሁለት የሚከፈሉትን ነው። 10/22 እንደዚያ አይደለም፣ ማርሊንም አይደለም። ሻጩ ይሄን አያውቅም ብዬ አላምንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እኔ ራሴ የቸኮልኩበት ጊዜ አለ። በ2021 ጥይት ጠፋ ሲባል አንድ ሱቅ ውስጥ 500 ፍሬ የ22 ጥይት በ75 ዶላር ገዝቼ፣ እንደ ሎተሪ ዕጣ አቅፌ ወጣሁ። ከዓመት በኋላ ያው ሳጥን በግማሽ ዋጋ ተደርድሮ አየሁት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ቡና ላይ ታነሳዋለች።

አሁን ወደ ዋናው። ርካሹ ጠመንጃ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የለም እንጂ ከምድረ ገጽ አልጠፋም። እነዚያ ከ11 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ማርሊኖች የት የሄዱ ይመስልሃል? የሰው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ የሟች አባት ጋራዥ ውስጥ ናቸው። 22 ጠመንጃ በቀላሉ አያልቅም። ጥይቱ ደካማ ስለሆነ ብረቱን አይጎዳውም። ልጅ ሲያድግ ይረሳል፣ ቤት ሲሸጥ ይወጣል፣ መጨረሻው ያገለገለ ጠመንጃ የሚሸጥበት መደርደሪያ ወይም ፖን ሾፕ ነው። አንተም መፈለግ ያለብህ እዚያ ነው። እኔ በቅርብ ባየሁት በደህና የተያዘ ማርሊን 60 ከ150 እስከ 250 ዶላር ውስጥ ይገኛል። ሳቬጅ ማርክ ቱ የሚባለው በእጅ የሚያጎርሰውም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ያገለገለ ስትገዛ ግን ዓይንህን ይዘህ ሂድ። ትንሽ የእጅ ባትሪና ነጭ ወረቀት ኪስህ ይኑር። መጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሻጩ ያሳይህ፣ አንተም ራስህ እይ፣ በጣትህም ዳስስ። ከዚያ ቦልቱን (የጥይቱን መግቢያ ከኋላ የሚዘጋውን ብረት) ክፈትና ወረቀቱን እዚያ አስገብተህ ባትሪውን አብራበት። ወረቀቱ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል። በአፈሙዙ በኩል ስታይ ጠመዝማዛ መስመሮቹ እንደ አዲስ ጀበና አንገት ሲያበሩ ማየት አለብህ። ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ወይ ቆሻሻ ነው ወይ ዝገት። ሻጩን በጨርቅ እንዲወለውለው ጠይቀው። ቆሻሻ ከሆነ ይለቃል፣ ዝገት ከሆነ እዚያው ይቀራል።

ቀጥሎ ሰው የማያየውን ቦታ እይ። ጥይቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ከንፈር። ሪምፋየር የሚባለው ጥይት ማቀጣጠያው ከቀለሁ ታች መሃል ላይ አይደለም፣ በጠርዙ ዙሪያ ነው የታሸገው። ስለዚህ መርፌው የሚመታው ጠርዙን ነው። አንድ ሰው ለዓመታት ጠመንጃውን ያለ ጥይት ቃታ እየሳበ ከተጫወተበት፣ በብዙዎቹ የድሮ 22ዎች ላይ መርፌው የቀዳዳውን ከንፈር ራሱን እየመታ ይጎደጉደዋል። ባትሪህን አስጠግተህ ስታይ የጥፍር ጫፍ የምታህል ጉድፍ ታያለህ። እሷ ካለች ጥይት መጎረስም ቀለህ መውጣትም ይቸግረዋል። ወይ ዋጋ አስቀንስ ወይ ተወው።

ማርሊን 60 ከሆነ የጥይቱን ቱቦ መዝዘህ አውጣ፣ ተጣሞ እንደሆነ እይ፣ ውስጡ ያለውን ስፕሪንግ በጣትህ ተጫነው። ሌላው ውስጡ ያለች የላስቲክ ቁራጭ ናት፣ ቦልቱ ወደ ኋላ ሲመጣ የምታስተኛው። እሷ በዕድሜ ትሰነጠቃለች። የእኔ ማርሊን ሰደፉ ላይ የሆነ ሰው በቢላ «ጄ» የሚል ፊደል የጫረበት ነው፣ በ165 ዶላር የገዛሁት። በመጀመሪያው ቀን በየሦስት ጥይቱ ሲጠልፍ ዋለ። ተታለልኩ ብዬ ነበር። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ስፈታው ያቺ ላስቲክ ሁለት ቦታ ተሰንጥቃ አገኘኋት። ምትኳ ጥቂት ዶላር ነው። ከዚያ ወዲህ ጠልፎ አያውቅም። (ልጄ «ጄ ማነው?» እያለ ታሪክ ይፈጥርለታል።)

ከግለሰብ ብትገዛም በኮሎራዶ ያለ ባክግራውንድ ቼክ እጅ በእጅ አይሆንም። ሁለታችሁም ፈቃድ ያለው ሻጭ ጋ ሄዳችሁ በእሱ በኩል ነው የምታስተላልፉት። ሦስት ቀን መጠበቂያም አለ። መታወቂያህን፣ ዜጋ ካልሆንክ ግሪን ካርድህን ጭምር ይዘህ ሂድ።

አሁን ደግሞ ሰው ጠመንጃ ሲገዛ የማያስበው ወጪ። 22 ርካሽ ነው የሚባለው በጠመንጃው ሳይሆን በጥይቱ ነው። ጥቅሉን ከገዛህ አንዷ ጥይት 7 ወይም 8 ሳንቲም ገደማ ትወድቃለች። የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት የዚያን ሦስት እጥፍ ነው። ደስ ይላል። ግን እስቲ ቁጭ ብለህ አስላ። በወር ሁለት ቅዳሜ ብትሄዱ፣ በሄዳችሁ ቁጥር 200 ጥይት ብትተኩሱ፣ በዓመት 4,800 ጥይት ነው። ወደ 360 ዶላር። ጠመንጃውን በየዓመቱ እንደ አዲስ እንደመግዛት ቁጠረው። እንግዲህ በ349 እና በ200 መካከል ያለው ልዩነት እንቅልፍ የሚነሳ ነገር አይደለም።

ለዚህ ነው ለልጅህ በእጅ የሚያጎርሰውን፣ ቦልት አክሽን የሚሉትን የምመክርህ። ራሱ የሚያጎርሰው 10/22 ግሩም ጠመንጃ ነው፣ አልወቅሰውም። ነገር ግን የ13 ዓመት ልጅ እጁ ላይ አሥር ጥይት በአራት ሴኮንድ ያልቃል። አንድም ኢላማ አይመታም፣ ደስታው ግን ጣሪያ ይነካል። ቦልት ሲሆን ይተኩሳል፣ ይከፍታል፣ ቀለሁ ይወጣል፣ ይዘጋል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ያነጣጥራል። ጥይቱ ግማሽ ይሆናል፣ አተኳኮሱ እጥፍ ይሆናል። አንተም ጎጃም ላይ አባትህ ጥይት እንዴት ይቆጥር እንደነበር ታስታውሳለህ። አንዷን ጥይት እንደ ማር ጠብታ ነበር የሚያያት።

በዚያው አዲስ ብቻ ካልሆነ አልገዛም ካልክ፣ ሳቬጅ ራስካል የሚባለች አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰች የምትተኮስ ትንሽ ጠመንጃ አለች። ለአጭር ክንድ የተሠራች ናት። ልጅህ ግን 13 ነው፣ በሁለት ዓመት አንተን ሊያልፍህ ይችላል። ሮሲ የሚባሉት ከብራዚል የሚመጡት ከአዲሶቹ ርካሾቹ ናቸው፤ በነሐሴ 2025 አሜሪካ በብዙ የብራዚል ዕቃ ላይ ቀረጡን ወደ 50 በመቶ ሰቅላው ስለነበር እነሱንም የድሮ ዋጋቸውን አስቤ አልመክርም። የ25 ጥይት ካዝና የሚያሳይህ ሰው ካጋጠመህ ደግሞ እለፈው፣ ኮሎራዶ ከ2013 ጀምሮ ከ15 በላይ የሚነቀል ካዝና ከልክላለች።

ጆሮ መሸፈኛና መነጽር ለሁለታችሁም ግዛ። «22 እኮ ድምፁ ትንሽ ነው» ይሉሃል። ትንሽ የሚመስለው ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ነው እንጂ 140 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ ጆሮ አይችለውም። ጥይቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራቁቱን እርሳስ ነው። ተኩስ ሜዳ ላይ ቆሎ ይዘህ አትሂድ። እጃችሁን በደንብ ሳትታጠቡ ምንም አትቅመሱ። ሌላም አለ። የጥይቱ ሳጥን ላይ «1.5 ማይል ይደርሳል» ተብሎ ተጽፏል፣ 2.4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጣሳ ላይ የሚተኮሰው ከጀርባው የአፈር ቁልል ሲኖር ብቻ ነው።

አደንም ካማራችሁ፣ ጥንቸልና ሽኮኮ በ22 ይታደናል። ኮሎራዶ ውስጥ ከ1949 ወዲህ የተወለደ ሰው በመደበኛው አካሄድ የአደን ትምህርት ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም። አባትና ልጅ አብራችሁ ተማሩት፣ ገንዘቡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስለ አክስትህ ልጅ አጭር መልስ ነው ያለኝ። እንዳታደርገው። ስትገዛ የምትሞላው 4473 የሚባል ፎርም «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ?» ብሎ ይጠይቅሃል። በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ለሌላ ሰው እየገዛህ «አዎ» ካልክ የፌዴራል ወንጀል ነው። «እሱም እኮ ወረቀት አለው፣ ራሱ መግዛት ይችላል» ልትለኝ ነው። አያድንህም። አብራምስኪ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ በፖሊስ ቅናሽ ለአጎቱ ሽጉጥ ገዛ። አጎትየው 400 ዶላር ቼክ ልኮለት ነበር። አጎቱም በሕግ መግዛት የሚችል ሰው ነው። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 አምስት ለአራት ተፈረደበት። ለወንድም ወይ ለልጅ ከራስ ኪስ ስጦታ መግዛት ሌላ ነው። «እከፍልሃለሁ» ከተባለ ግን ስጦታ አይደለም። መግዛት ከፈለገ አብሮህ ሱቅ ይምጣ፣ በስሙ ይግዛ። ካኮረፈ ይኩርፍ፣ በፋሲካ ይታረቅሃል።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ ፊቷን ያጠቆረችው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2020 ጀምሮ በዚህ አገር ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን በመግደል ቀዳሚው ጠመንጃና ሽጉጥ ነው። «አታካብጂ» ብለህ አትጀምር። ይልቅ ከጠመንጃው በፊት መቆለፊያውን ግዛና አሳያት። በኮሎራዶ ልጅ ባለበት ቤት ጠመንጃ ሳይቆለፍ ማስቀመጥ በሕግ ያስጠይቃል፣ ሻጩም ከጠመንጃው ጋር መቆለፊያ የመስጠት ግዴታ አለበት። እኔ ግን ሻጩ በሚሰጥህ የገመድ መቆለፊያ ብቻ አልተማመንም። ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር ቀጭን የብረት ሳጥን ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጥይቱን ሌላ ክፍል፣ ሌላ ቁልፍ ውስጥ አድርገው። በአዲስና ባገለገለ መካከል ያተረፍከው 150 ዶላር ለዚህ ይሁን። ከመግዛታችሁ በፊትም ጠመንጃ የሚያከራይ ተኩስ ሜዳ አንድ ቀን ሦስታችሁም ሂዱ። ባለቤትህ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አይታ ብቻ ብትመለስም ይበቃል።

ቁልፉን ስኒ ረከቦት ሥር፣ የበርበሬ ዕቃ ውስጥ፣ ወይም መጽሐፍ ቅዱሱ ጀርባ አትደብቀው። ልጅህ እነዚያን ቦታዎች ካንተ በፊት ያውቃቸዋል። በሩ በኮድ የሚከፈተውን ሳጥን ግዛ፣ ኮዱም የልደት ቀኑ እንዳይሆን።